ጌንማይቻ ሲገዙ፦ የትኛው ቅልቅል ለየትኛው ጠጪ?

ጌንማይቻ በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ የጃፓን አረንጓዴ ሻይና የተቆላ ሩዝ። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው የእስያ ሸቀጥ በሚሸጥበት ሱቅ መደርደሪያ ፊት ሲቆሙ ነው። የአንዱ ጥቅል ዋጋ የሌላውን ሦስትና አራት እጥፍ ነው፤ አንዱ «ከማቻ ጋር» ይላል፤ ሌላው «ሴንቻ» ይላል፤ ሌላው ምንም ሳይዘረዝር «አረንጓዴ ሻይ» ብሎ ያልፋል፤ ከጎኑ ደግሞ ባለ ክሩ፣ በትንንሽ ከረጢት የታሸገው፣ የኮሪያ ጥቅል ተደርድሯል። ሥዕሉ ሁሉም ላይ ያው ነው፦ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቡናማ ፍሬና እዚህም እዚያም የፈነዳ ነጭ ሩዝ።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። በዚህ ሻይ ቀድሞ አፍንጫ የሚደርሰው ሩዙ ነው፤ ጥቅሉ ሲከርምም ቀድሞ የሚያሳብቀው እሱው ነው። ስለዚህ ትኩስነትና የአቆላል ጥራት ከቅጠሉ ስም በፊት ይታያሉ። ለአብዛኛው ሰው በባንቻ፣ ማለትም ዘግይቶ በሚለቀመው የጠነከረ ቅጠል፣ የተሠራው ተራ ጌንማይቻ ይበቃዋል። ውድ ቅጠል ከተቆላ ሩዝ ጋር ሲቀላቀል ገንዘብ የወጣበት ስስ ጣዕም በሩዙ ሽታ ይሸፈናል። መጠጡም ቢሆን ከቁጠባ የተወለደ ነው፤ በ20ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ኪዮቶ ውስጥ አንድ የሻይ ነጋዴ ከአዲስ ዓመት የተረፈ የሩዝ ቂጣ (ሞቺ) ፍርፋሪ ቆልቶ ከሻይ ጋር ቀላቀለው ይባላል። ሩዝ ከሻይ ቅጠል ስለሚረክስ ቅልቅሉ የዘወትር፣ የምግብ ማወራረጃ መጠጥ ሆኖ ቀረ።

## ከመግዛት በፊት የሚታዩት

ቅጠሉ። የጃፓን አረንጓዴ ሻይ እንደተቀጠፈ በእንፋሎት ይመታል፤ ያ የለጋ ሣር ሽታና አረንጓዴ ቀለም የሚመጣው ከዚህ ነው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ የሚቀጠፈው የመጀመሪያው ለጋ ቅጠል ለስላሳና ጣፋጭ ሲሆን ሴንቻ የሚሠራው በአብዛኛው ከዚህና ከሁለተኛው ቀጠፋ ነው። ከዚያ በኋላ፣ በጃፓን የበጋና የመከር ወራት የሚለቀመው የጠነከረ ቅጠል ባንቻ ይባላል። ባንቻ ካፌይኑም፣ ጣፋጭነት የሚሰጠው አሚኖ አሲዱም ከለጋው ያነሰ ነው፤ በምትኩ የፈላ ውኃ ይችላል። ማቻ ደግሞ ከመቀጠፉ በፊት ለሳምንታት ጥላ ሥር የቆየ ቅጠል ደርቆና ግንዱ ወጥቶ ሲፈጭ የሚገኝ ዱቄት ነው።

ሩዙ። በፋብሪካ ሩዙ ይዘፈዘፋል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይቆላል። በደንብ የተቆላ ሩዝ ከዳር እስከ ዳር ወርቃማ ቡናማ ነው፤ በጥርስ ሲሰበር ጠረቅ ይላል እንጂ አይለጠጥም። በእፍኝ ውስጥ ከሁለት ሦስት ፍሬ በላይ የጠቆረ ካለ የተዉት፤ ያረረ ሩዝ ለቅጠሉ የማይመች መራራነት ይሰጣል። ነጩ ፈንድሻ መልክ ያሳምራል፤ ጥቅሉን በመጠን ይሞላል እንጂ ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም። ስለዚህ በፎቶ ላይ ፈንድሻው ስለበዛ ጥራት አለው ብሎ መደምደም አይቻልም።

ብዙ አምራቾች ያልተፈተገውን ትተው የተፈተገ ወይም የሚጣበቀውን የሞቺ ሩዝ ይጠቀማሉ። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ የተፈተገው ቀለል ያለና ጣፋጭ ሽታ ሲሰጥ ያልተፈተገው ጠለቅ ያለ የእህል ጣዕም አለው። ግን «ያልተፈተገ ሩዝ ስላለው ፋይበር አገኛለሁ» ብለው አይግዙ። ሩዙ ማጥለያው ላይ ቀርቶ ይጣላል።

ድርሻው። የተለመደው በክብደት ግማሽ በግማሽ ነው። ጃፓን ውስጥም ሆነ በአውሮፓና በአሜሪካ በጥቅል ጀርባ የሚጻፈው የግብዓት ዝርዝር በክብደት ከሚበልጠው ወደሚያንሰው ነው የሚወርደው። ሩዝ ቀድሞ ከተጻፈ ሩዙ ይበልጣል ማለት ነው፤ መጠጡ የእህል ጣዕሙ ያመዝናል፣ ካፌይኑም ዝቅ ይላል። ዝርዝሩ ሻይ፣ ሩዝ፣ ሲኖርም ማቻ ብሎ ማለቅ አለበት። የአሚኖ አሲድ ማጣፈጫ፣ ስኳር ወይም ሰው ሠራሽ መዓዛ ከተጨመረበት የደከመ ቅጠል እየተደገፈ መሆኑን ይጠርጥሩ።

ትኩስነቱ። በሩዙ ውስጥ ያለው ጥቂት ዘይት ከተቆላ በኋላ አየር ሲያገኘው ይበላሻል፤ ጥቅሉ ሲከፈት የከረመ ኦቾሎኒ የሚሸት ከሆነ ምንም ዓይነት አፈላል አያድነውም። ብርሃን የማያስገባ፣ በፎይል የታሸገ፣ ቀኑ የቀረበ ጥቅል ይምረጡ። በመስታወት ማሰሮ ተቀምጦ በግራም እየተመዘነ የሚሸጠው ያምራል፤ ግን ብርሃንና አየር ሲያገኘው የሰነበተ ነው። መቼ እንደተሞላ ሻጩ መናገር ካልቻለ ይለፉት።

ካፌይኑ። የጃፓን መንግሥት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ በ100 ሚሊ ሊትር የተፈላ መጠጥ ውስጥ ለጌንማይቻና ለባንቻ 10 ሚሊ ግራም፣ ለሴንቻና ለሆጂቻ (የተቆላ አረንጓዴ ሻይ) 20፣ ለጥቁር ሻይ 30፣ ለቡና 60፣ ጥላ ሥር ለሚበቅለው ጊዮኩሮ ደግሞ 160 ይሰጣል። ማቻ በዱቄቱ ሲለካ በ1 ግራም ውስጥ 32 ሚሊ ግራም ገደማ አለው። ጌንማይቻ ዝቅ ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ የጥቅሉ ግማሽ ካፌይን የሌለው ሩዝ ነው፣ የሚነከረውም ለ30 ሴኮንድ ብቻ ነው። አምስት ደቂቃ ከነከሩት ይህ ቁጥር አይሠራም።

የስኒ ዋጋው። የጥቅል ዋጋ ያታልላል። ጃፓኖች ለባንቻና ለጌንማይቻ የሚጠቀሙበት መነሻ ልክ ለአምስት ሰው 15 ግራም በ650 ሚሊ ሊትር ነው፤ ለአንድ ሰው 3 ግራም በ130 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። በዚህ ልክ 100 ግራም ጥቅል 33 ትናንሽ ስኒ ይወጣዋል። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ትልቅ ኩባያ ለሚጠጣ ሰው ግን 6 ግራም ገደማ ስለሚገባ 16 ኩባያ ብቻ ነው። ባለ ክሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ከረጢት 2 ግራም ይይዛል፤ 20 ከረጢት ማለት 40 ግራም ነው። በግራም ሲካፈል የረከሰ የመሰለው ጥቅል ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

### በባንቻ የተሠራው

ጥቅሉ ላይ የቅጠሉ ዓይነት ካልተጻፈ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ቅጠሉ ትልልቅና ወፍራም ነው፤ እንጨት መሰል ግንድም ይገኝበታል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን የባንቻ ጠባይ ነው። መጠጡ ቢጫማ አረንጓዴ ሆኖ የተቆላ ሩዙ ከፊት፣ የቅጠሉ ቀለል ያለ ጣዕም ከኋላ ይመጣል።

ትልቁ ጥቅሙ አያኮርፍም። የፈላ ውኃ ቢያፈሱበት፣ 15 ሴኮንድ ቢያሳልፉበት ይችለዋል። የሩዙ መዓዛ በደንብ የሚወጣውም በሙቅ ውኃ ስለሆነ ቅጠሉና ሩዙ አንድ ዓይነት አያያዝ ይፈልጋሉ። ከዘይታማ ምግብ በኋላ አፍ ያጸዳል፤ ካፌይኑም ለማታ አይከብድም። ድክመቱ ሁለተኛው ንክር ላይ ነው። ሩዙ ሽታውን በመጀመሪያው ውኃ ስለሚጨርስ ቀጥሎ የሚወጣው ቀጭን ነው። ሁለተኛውን በፈላ ውኃ ለ45 ሴኮንድ እስከ አንድ ደቂቃ ያድርጉት፤ ሦስተኛ አይጠብቁ።

### በሴንቻ የተሠራው

እዚህ ሩዙና ቅጠሉ ሁለቱም ይሰማሉ። ጣፋጭነት፣ የለጋ ሣር ሽታና ጃፓኖች ኡማሚ የሚሉት የሾርባ ዓይነት ጣዕም ይጨመራል። ዋጋውም ይጨምራል። ተገቢ ነው ወይ ለሚለው መልሱ በቤትዎ ባለው ትዕግሥት ይወሰናል፤ ምክንያቱም ሴንቻና ሩዝ የሚፈልጉት ሙቀት የተለያየ ነው። ሩዙ የፈላ ውኃ ይወዳል፤ ሴንቻ በፈላ ውኃ ምላስ የሚይዝ መራራነቱን ይለቃል። 80 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለ45 ሴኮንድ ማፍላት ሁለቱን ያስማማል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ደስ የሚለው የለም።

ቅጠሉን ሲያዩ አንድ ነገር ያስተውሉ። ሴንቻ በእንፋሎት የሚመታበት ጊዜ ይለያያል። ረዘም ላለ ጊዜ የተመታው ይሰባበርና ዱቄት መሰል ብናኝ ይበዛበታል፤ ሲፈላ ድፍርስና ወፍራም፣ ቀለሙም ደማቅ አረንጓዴ ነው። በሰፊ ቀዳዳ ማጥለያ ለሚያጠል ሰው ይህ ራስ ምታት ነው፤ ብናኙ ስኒው ውስጥ ገብቶ እስኪጠጣ ድረስ መራራ እየለቀቀ ይቆያል፣ ወይም ወንፊቱን ይደፍነዋል። ጥብቅ ሽቦ ያለው ማጥለያ ከሌለዎት እንደ መርፌ የተጠቀለለ ረዘም ያለ ቅጠል ያለውን ይምረጡ።

በጊዮኩሮ የተሠራም አልፎ አልፎ ይሸጣል። ለስጦታ ካልሆነ አንመክረውም።

### ከማቻ ጋር የተቀላቀለው

ባንቻ ወይም ሴንቻ ላይ የተሠራ ጌንማይቻ ሆኖ ጥቂት ማቻ ይነሰነስበታል። ሩዙ ሳይቀር አረንጓዴ አቧራ ለብሶ ስለሚታይ ከሩቅ ይለያል። ሲፈላ ቀለሙ ይደምቃል፣ ይደፈርሳል፣ አፍ ውስጥ ወፈር ይላል። ማቻው ስለማይጠለል የቅጠሉ ዱቄት አብሮ ይጠጣል። ካፌይኑም ከተራው ከፍ ይላል። ምን ያህል እንደሚል በማቻው ድርሻ ይወሰናል፤ ጥቅሉ ድርሻውን ካልጻፈ ከሴንቻ ጋር እኩል አድርገው ይቁጠሩት።

የመጀመሪያው ችግር ዱቄቱ ከጥቅሉ ሥር መዝቀጡ ነው። ሳይነቀነቅ ከላይ የተቀዳው ተራ ጌንማይቻ ይሆናል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ደግሞ ጭቃ የመሰለ መራራ ነው። ከመቅዳት በፊት ጥቅሉን ሁልጊዜ አንድ ሁለቴ ይገልብጡት። ሁለተኛው ችግር ማቻ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ፈጥኖ ወደ ቢጫ ቡናማ መለወጡ ነው፤ ይህን ዓይነት በትልቅ ጥቅል መግዛት ኪሳራ ነው። ሦስተኛው ዋጋ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የማቻ ፍላጎት በዓለም ዙሪያ በመጨመሩ ዋጋው ወጥቷል፤ ርካሽ «ከማቻ ጋር» ሲያዩ ዱቄቱ የተፈጨ ተራ አረንጓዴ ሻይ ሊሆን ይችላል። የግብዓት ዝርዝሩ ላይ «የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት» እና «ማቻ» የሚሉት አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ተናግረን፣ ቀለም ለሚወድና የተራውን ጌንማይቻ ቅጥነት ላልወደደ ሰው ልዩነቱ በግልጽ የሚቀመስ ነው። ተራውን የሚተካ ሳይሆን ሌላ መጠጥ አድርገው ይዩት።

### በሆጂቻ የተሠራው

ሆጂቻ ራሱ የተቆላ አረንጓዴ ሻይ ስለሆነ ቅጠሉም ሩዙም ቡናማ ነው። የሣር ሽታ የለውም፤ መራራነቱ ትንሽ ነው፤ የአረንጓዴ ሻይ ጣዕም ያልተዋጠለት ሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ይጀምራል። ከቅርንፉድና ከቀረፋ ሻይ ጋር ያደገ ምላስም ከሌሎቹ ይልቅ ይህን ይቀበለዋል፤ ትንሽ ስኳርና ወተትም ይችላል። ቅመሙን ግን እዚህ ቅልቅል ላይ አይጨምሩ፤ ቅርንፉድ ገብቶበት የሩዝ ሽታ አይተርፍም።

ስለ ካፌይኑ የሚወራው የተጋነነ ነው። ሆጂቻ «ካፌይን የለውም» ሲባል ይሰማል፤ ሠንጠረዡ ግን ከሴንቻ ጋር እኩል 20 ሚሊ ግራም ያስቀምጠዋል። ከሩዝ ጋር ሲቀላቀል ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም።

### ባለ ክሩ

ቢሮ ውስጥ፣ ማጥለያ በሌለበት፣ ይህን የሚተካ የለም። በኮሪያ ሩዝና አረንጓዴ ሻይ የተቀላቀለበት ከረጢት የዕለት ተዕለት መጠጥ ስለሆነ በብዙ አገር የሚገኘው የኮሪያው ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው ቅጠል ተፈጭቶ የደቀቀ ስለሆነ ፈጥኖ ይለቃል፤ ከ30 እስከ 40 ሴኮንድ ይበቃዋል። የሰዎች ትልቁ ስሕተት ከረጢቱን ኩባያው ውስጥ ትቶ መጠጣት ነው፤ መራራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሲገዙ ጠፍጣፋ ከረጢት ካለውና ባለ ሦስት ማዕዘን ካለው ሁለተኛውን ይምረጡ፤ ሩዙ የሚላወስበት ቦታ ያገኛል። 2 ግራም ለ250 ሚሊ ሊትር ኩባያ አይበቃም። ወይ ውኃውን ወደ 150 ይቀንሱ ወይ በሁለት ከረጢት ያፍሉ።

### ቤት ውስጥ የሚቀላቀለው

ቆሎ የሚቆላ ቤት ለዚህ ከማንም በላይ የተዘጋጀ ነው። ጥሩ አረንጓዴ ሻይ ካለና የተዘጋጀ ጌንማይቻ ካልተገኘ ወይም ከተወደደ ሩዙን ራስዎ ቆልተው ይቀላቅሉ።

100 ግራም ሩዝ ይውሰዱ። ያልተፈተገ ቢሆን ይሻላል፤ ነጭ ሩዝም ይሆናል። ባስማቲ ግን የራሱ ሽታ ስላለው ይበጠብጣል። ሁለት ጊዜ ያጥቡትና ያልተፈተገው ቢያንስ 4 ሰዓት፣ ነጩ 1 ሰዓት ይዘፍዘፍ። አጥልለው ንጹሕ ጨርቅ ላይ ያስጡት፤ ላዩ ደርቆ ፍሬ ከፍሬ ሳይጣበቅ እጅ ላይ ሲንሸራተት ደርሷል። ወፍራም ብረት ምጣድ ላይ፣ ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት ለ5 ደቂቃ ያህል እያማሰሉ እርጥበቱን ያስወጡ። ከዚያ እሳቱን ቀንሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይቁሉት። መጀመሪያ ነጭ እየሆነ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይሸታል፣ ከዚያ አንዳንዱ እየፈነዳ ወርቃማ ይሆናል። ከሚፈልጉት ቀለም አንድ ደረጃ ቀድመው ያውጡት፤ ከምጣዱ ከወጣ በኋላም መብሰሉን አይተውም። ሰፊ ትሪ ላይ ዘርግተው ሙሉ በሙሉ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ያቀዝቅዙት።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርራል ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጥሬ ሩዝ ስኒው ውስጥ ስታርች ለቆ ውኃውን ያነጣል። ዘይት ከነካው ላዩ ላይ ዓይን ሠርቶ ይንሳፈፋል፣ በሳምንታትም ይበላሻል። ትኩሱ ከቅጠሉ ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ እንፋሎቱ ሻዩን ያረጥበዋል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሽታው ይሞታል።

ድርሻው በሚዛን ግማሽ በግማሽ ነው። ሚዛን ከሌለ ሩዝ ከቅጠል ስለሚከብድ አንድ ማንኪያ ሩዝ ለሁለት ማንኪያ ቅጠል ይበቃል። ሁሉንም አንዴ ከመቀላቀል ሩዙን ለብቻው በጠርሙስ አስቀምጦ ሲያፈሉ መቀላቀል ይሻላል፤ ማታ ማታ ሩዙን ጨምሮ ቅጠሉን መቀነስም ያስችላል። በገበያ የሚገኘው ቅጠል በምጣድ የደረቀ የቻይና አረንጓዴ ሻይ ከሆነ ራሱ የቆሎ ዓይነት ሽታ አለው፤ መጠጡ ጥሩ ነው፣ የጃፓኑን ሣርማ ጣዕም ግን አይጠብቁ።

### ሻይ የሌለው የሩዝ መጠጥ

ኮሪያና ጃፓን ውስጥ የተቆላ ሩዝ ብቻውን ይፈላል፤ ካፌይን የለውም። በተመሳሳይ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ በስሕተት ይገዛል። የግብዓት ዝርዝሩ ላይ የሻይ ቅጠል ወይም ማቻ ካለ ካፌይን አለ፤ ከሌለ የለም።

## በአንድ እይታ

| ዓይነት | ጣዕም | ካፌይን | ውኃና ጊዜ | የስኒ ዋጋ | ዋና ችግሩ |
|---|---|---|---|---|---|
| በባንቻ | ሩዙ ያመዝናል፣ ቀላል | ዝቅተኛ | የፈላ፣ 30 ሴኮንድ | ዝቅተኛ | ሁለተኛው ንክር ቀጭን ነው |
| በሴንቻ | ጣፋጭ፣ ሣርማ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | 80–85 ዲግሪ፣ 45 ሴኮንድ | መካከለኛ | በፈላ ውኃ ይመርራል |
| ከማቻ ጋር | ወፍራም፣ ደማቅ አረንጓዴ | መካከለኛ | 80–85 ዲግሪ፣ 30–45 ሴኮንድ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ይዘቅጣል፣ ፈጥኖ ይለወጣል |
| በሆጂቻ | ሙሉ በሙሉ የተቆላ፣ ለስላሳ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | የፈላ፣ 30 ሴኮንድ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | የአረንጓዴ ሻይ ጣዕም የለውም |
| ባለ ክር | እንደ ጥቅሉ፣ ጥልቀት ያንሰዋል | ዝቅተኛ | የፈላ፣ 30–40 ሴኮንድ | በግራም ሲታይ ከፍ ይላል | ለትልቅ ኩባያ አይበቃም |
| የቤት ቅልቅል | እንደ እጅዎ | እንደ ቅጠሉ ድርሻ | እንደ ቅጠሉ | ዝቅተኛ | ሩዝ ማሳረር |

## ለማን የቱ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር። በባንቻ የተሠራ፣ ከ100 ግራም ያልበለጠ፣ ቀኑ የቀረበ ጥቅል። ይህን ሳይቀምሱ ከማቻ ጋር ያለውን መግዛት ሩዙ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቁ መቅረት ነው።

በጀት ለጠበበበት። በባንቻ የተሠራው በትልቅ ጥቅል፣ በአንድ ወር ገደማ ውስጥ የሚጨርሰው ቤተሰብ ካለ ብቻ። ለብቻው ለሚጠጣ ሰው ትልቁ ጥቅል በግራም ቢረክስም ግማሹ ሳይጠጣ ያረጃል፤ የቤት ቅልቅል ያዋጣዋል።

ማታ ለሚጠጣ፣ ካፌይን ለሚቆጥር። ሩዝ በዝርዝሩ ቀድሞ የተጻፈበት የባንቻ ጌንማይቻ። ለነፍሰ ጡር የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ነው፤ ከዚህ ሻይ ሦስት ስኒ መጠጣት ወደዚያ አያደርስም። ቡናው ነው መቆጠር ያለበት።

የደም ማነስ ላለበት፣ በጾም ወቅትም። ዓይነቱ ሳይሆን ሰዓቱ ይምረጥ። ሻይ ከጥራጥሬና ከእህል የሚገኘውን ብረት እንዳይዋጥ ይቀንሳል፤ በጾም ምግብ ብረቱ ሁሉ ከዚያው ስለሆነ ከማዕድ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያቆዩት።

ሙቀት ላለበት አገር፣ ለባሕረ ሰላጤው በተለይ። በባንቻ ወይም ከማቻ ጋር ያለው በቀዝቃዛ ይሆናል፤ ግን ሩዝ በቀዝቃዛ ውኃ ሽታውን አይለቅም። 12 ግራም ላይ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ አፍስሰው ከማቻ ጋር ያለው ከሆነ ለ20፣ ካልሆነ ለ40 ሴኮንድ ይተዉት። ከዚያ 900 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጨምረው ፍሪጅ ውስጥ 3 ሰዓት ያቆዩ፣ ያጥልሉ፣ በማግስቱ ይጨርሱት።

ለስጦታ። ከማቻ ጋር ያለው፤ ሲከፈት ቀለሙ ይናገራል። ተቀባዩ ማጥለያ እንዳለው ያረጋግጡ።

## ሲፈላ የሚበላሽበት

የትኛውም ዓይነት ቢገዛ ውጤቱን የሚወስኑት ሙቀትና ሰዓት ናቸው። ሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው የፈላውን ውኃ ወደ ቀዝቃዛ ኩባያ ይገልብጠው፤ አንድ ጊዜ ሲገለበጥ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በባሕር ጠረፍ ከተማ ለሴንቻ ሁለት ጊዜ መገልበጥ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ግን ሌላ ሂሳብ አለ። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ለሴንቻ አንዴ መገልበጥ ይበቃል። ለባንቻ ደግሞ ውኃው እየተንፈቀፈቀ ይፈስስ፤ ጊዜውም ከ30 ወደ 45 ሴኮንድ ይራዘም። አለበለዚያ በጥቅሉ ላይ እንደተጻፈው አድርገውም ሩዙ ሳይሸት ይቀራል።

ቅጠሉን ከውኃ ጋር አብሮ ምድጃ ላይ ማፍላት፣ እንደ ጥቁር ሻይ ማንተክተክ፣ ለዚህ አይሆንም፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መራራ ይሆናል። ለብዙ ሰው ሲቀዳ አንዱን ስኒ ሞልቶ ወደ ቀጣዩ ማለፍም ስሕተት ነው። የመጀመሪያው ቀጭን የመጨረሻው ወፍራም ይሆናል። በሁሉም ስኒ ላይ ትንሽ ትንሽ እየዞሩ ይቅዱና የመጨረሻዋን ጠብታ ያንጠፍጥፉ፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የቀረ ውኃ ሁለተኛውን ንክር ያበላሻል።

ጣዕሙ ደብዝዞ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ የሚመስል ነገር ከታየ ሻዩን ከመውቀስ በፊት ውኃውን ይፈትሹ። ኖራ የበዛበት ጠንካራ ውኃ የአረንጓዴ ሻይን ጣዕም ያፍናል። በተጣራ ወይም ማዕድኑ ባነሰ የታሸገ ውኃ አንድ ጊዜ አፍልቶ ማነጻጸር ነገሩን ይለያል።

የተከፈተ ጥቅል አየሩ ወጥቶ፣ ተጠቅልሎና ታሽጎ፣ ከምድጃና ከቅመም መደርደሪያ ርቆ ይቀመጥ። አረንጓዴ ሻይ ሽታ ይስባል፤ በርበሬና ቡና አጠገብ ከከረመ እነሱን ይሸታል። በአንድ ወር ገደማ ይጠጣ። ያልተከፈተውን ፍሪጅ ማስገባት ይቻላል። ግን ከወጣ በኋላ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ሳይከፈት ግማሽ ቀን ይቆይ፤ ቀዝቃዛውን ወዲያው ከከፈቱት የአየሩ እርጥበት ቅጠሉና ሩዙ ላይ ያዝላል፣ ጠረቅ ይል የነበረው ሩዝም ይልማል። ሽታው የደከመ ጌንማይቻ ደረቅ ምጣድ ላይ በለስላሳ እሳት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሲታመስ ትንሽ ይነቃል፤ ቅጠሉ ወደ ቡናማ ሲያዘነብል ያውጡት። ከማቻ ጋር ያለውን አይሞክሩት፣ ዱቄቱ ያርራል።